ስምንተኛው ምርኮኛ

ሰመራ፣ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሽ ይልቃል አጥናፉ
አዋሽ ሰባት

ጋሽዬ፣ እንደምን ከርመዋል? ጤናዎ፣ ጉልበትዎ እንዴት ነው? እኔና እማዬ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። ሙቀቱ መለስ ስላለ እማዬ ከሰዓት በኋላ በረንዳ ላይ መቀመጥ ጀምራለች፤ የደም ግፊቷም ሰሞኑን አላስቸገራትም። ይህን ደብዳቤ ፈንታ ሾፌሩ በእጅዎ ይሰጥዎታል። እንደ ሰው ደውዬ ብጠይቅዎ ደስ ባለኝ፤ ጆሮዎ ስልክ እንደማይሰማ ስለማውቅ እንደ ልማዳችን በወረቀት መጣሁ።

አስቀድሜ ይቅርታ ልጠይቅ። ባለፈው ሳምንት አዋሽ አርባ ድረስ መጥቼ ነበር። መሥሪያ ቤታችን ለእኛ ለመዝገብ ቤት ሠራተኞች የሁለት ቀን ሥልጠና አዘጋጅቶ ነው። እርስዎ ቤት ለመድረስ የሃያ ደቂቃ መንገድ ሲቀረኝ ወደ ሰመራ ተመለስኩ። መኪናው የመንግሥት ነው፣ ሾፌሩ ቸኩሎ ነበር ብዬ ብጽፍልዎ ያምኑኝ ነበር። እውነቱ ግን ሌላ ነው፤ ያን ቀን ፊትዎን ማየት አልቻልኩም።

ሥልጠናው ሲያልቅ አንድ መጋዘን ወሰዱን። ቀድሞ ጥጥ ይከማችበት የነበረ ነው። አሁን በሶማሊያ ጦርነት ጊዜ ተማርከው የነበሩ ሽማግሌዎች ተባብረው የምርኮኞች መታሰቢያና ሙዚየም አድርገውታል። እርስዎ እዚያው አጠገብ እየኖሩ አንድም ቀን ስለሱ ጽፈውልኝ አያውቁም። ከመኪና ጎማ የተሠራ ጫማ አየሁ። ከቆርቆሮ የተቀጠቀጠ ማንኪያ፣ በሲጋራ ወረቀት ላይ የተገለበጠ ዳዊት፣ ከሳሙና የተቀረጸ ዳማ አየሁ። አስጎብኚያችን አቶ አብራር የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ፤ ራሳቸው አሥራ አንድ ዓመት ታስረዋል። በምርኮ የሞቱት ሰዎች ስም ግድግዳው ላይ ተጽፏል። የአባቴን ስም እዚያ አልፈለግኩም። እሱ በውጊያው ቀን የሞተ፣ ምርኮን ያላየ ሰው ነው፤ እርስዎ የነገሩን እንዲህ ነውና።

ከስሞቹ ቀጥሎ አንድ ትልቅ ፎቶግራፍ ተሰቅሏል። እስር ቤቱን የጎበኘ የውጭ አገር ሐኪም ያነሳው ነው አሉ። ስምንት ሰዎች ግንብ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ሰባቱ ትከሻ ለትከሻ ገጥመዋል፤ ስምንተኛው ሁለት ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ትቶ ለብቻው ነው። ከሥሩ «1974 ዓ.ም.» ይላል፤ የሰባቱም ስም ተዘርዝሯል። ከግራ ሁለተኛው «ይልቃል አጥናፉ» ነው። ስምንተኛው ስም የለውም።

ጋሽዬ፣ ያ ሰው አባቴ ነው። ሲዘምት እኔ የሦስት ወር ልጅ ስለነበርኩ በአካል አላውቀውም፤ ነገር ግን የሠርጉ ፎቶ አልጋዬ ፊት ለፊት ተሰቅሎ ነው ያደግኩት። ግራ ቅንድቡን ለሁለት የከፈለው ጠባሳ አይጠፋኝም።

«ይሄኛው ማነው?» ብዬ አቶ አብራርን ጠየቅኳቸው።

«እሱን ተይው» አሉኝ።

«ስሙን አያውቁትም?»

«እናውቀዋለን። ከኛ ጋር አይቆጠርም» ብለው ወደ ማንኪያዎቹ ተመለሱ።

እርስዎ ከምርኮ ሲመለሱ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። አዋሽ ባቡር ጣቢያ እማዬ እጄን ይዛ ስትጠብቅዎ አስታውሳለሁ። «አንዷለም ሐምሌ 22 ቀን 1969 በውጊያው ላይ ወደቀ፤ ዓይኑን የከደንኩት እኔ ነኝ» አሏት። መሬት ላይ ስትወድቅ እኔም አብሬ ወደቅኩ። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ በየዓመቱ ሐምሌ ኡራኤል ዝክሩን ስናወጣ ኖረናል። በ1969 የሞተ ሰው በ1974 ከእርስዎ ጋር እንዴት ፎቶ ይነሳል?

ለእማዬ ምንም አልነገርኳትም። መልስዎን እጠብቃለሁ።

ልጅዎ ኤፍራታ አንዷለም

*

አዋሽ፣ ኅዳር 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለኤፍራታ

ዕድሜና ጤና ይስጥሽ፤ እናትሽን ያቆይልሽ። ደብዳቤሽ ደርሶኛል። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ያው ነው። ሰሞኑን መሬቱ እየተንቀጠቀጠ አስቸግሮናል። እኔ ድምፁን ባልሰማም የተቀመጥኩበት ወንበር ሲነቃነቅ አውቀዋለሁ። ጎረቤቴ ፋኢዛ ደግሞ በተነቃነቀ ቁጥር እጄን ጎትታ ታስወጣኛለች።

ስለ ፎቶው ጽፈሻል። ረኃብ የሰውን ፊት አንድ ዓይነት ያደርገዋል። እዚያ ካምፕ ውስጥ ያየን ሰው ሁላችንንም የአንድ እናት ልጆች ናቸው ይል ነበር። ጠባሳም ብዙ ሰው ፊት ላይ አለ። ዓመተ ምሕረቱን የጻፉት በግምት ይሆናል። አብራር ደግ ሰው ነው፤ ግን አርጅቷል፣ አንዱን ከሌላው ይቀላቅላል።

ወደዚያ ቤት ደግመሽ አትሂጂ። ለእናትሽም አታንሺባት፤ ግፊት ያለበት ሰው እንዲህ ያለ ወሬ አይችልም። የሠርጉን ፎቶ ግን በፈንታ ላኪልኝ። አይቼ እመልስልሻለሁ።

ፋኢዛ ከመልካ ወረር ያመጣችውን ሽንኩርት ግማሽ ከረጢት ልኬላችኋለሁ። እናትሽን የሻረግን ሰላም በይልኝ።

ይልቃል

*

ሰመራ፣ ታኅሣሥ 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሽ ይልቃል

እንደምን አሉ? ሽንኩርቱ ደርሶናል፣ እጅዎ ይባረክ። እማዬ ሰላም ብላዎታለች።

ፎቶውን አልላክሁም። እጅዎ ገብቶ እንዳይጠፋብኝ ፈራሁ። እንዲህ ያለ ቃል ለእርስዎ እጽፋለሁ ብዬ በሕይወቴ አስቤ አላውቅም።

እኔ ሃያ ሦስት ዓመት መዝገብ ቤት ሠርቻለሁ። አንድ ሰው ስለ አንድ ወረቀት አራት ምክንያት በአንድ ጊዜ ሲደረድርልኝ፣ ወረቀቱ ትክክል መሆኑን ያን ጊዜ አውቃለሁ። ፊት ይመሳሰላል አሉኝ፤ ጠባሳው የብዙ ሰው ነው አሉኝ፤ ዓመቱ ተሳስቷል አሉኝ፤ አቶ አብራር አርጅተዋል አሉኝ። «አባትሽ አይደለም» ግን አላሉኝም። ደብዳቤዎን አራት ጊዜ አነበብኩት፤ ያ ቃል የለበትም።

ለአቶ አብራር ስልክ ደወልኩላቸው። «የዚያ ሰው ልጅ ነኝ» አልኳቸው። «ልጅ እንዳለው አላውቅም ነበር» አሉኝ። «እኔ የምነግርሽ የለኝም። ይልቃልን ጠይቂው። የአጎቱ ልጅ አይደል?»

ስለዚህ ደግሜ እጠይቅዎታለሁ። የሞተውን ሰው እንደሆነ ከእንግዲህ ምንም አይነካውም። እኔ ግን አርባ ስምንት ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ አባቴ መቼና እንዴት እንደሞተ አላውቅም።

ኤፍራታ

*

ሰመራ፣ ጥር 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሽ ይልቃል

ጋሽዬ፣ በሰላም አሉ? በአዋሽ በኩል የመሬት መንቀጥቀጡ ጠንክሯል፣ ቤት እየተሰነጠቀ ሰው ሜዳ ላይ እያደረ ነው የሚል ወሬ በየቀኑ እንሰማለን። እማዬ በእያንዳንዱ ዜና ስምዎን ትጠራለች። ፈንታ ደብዳቤዬን በእጅዎ መስጠቱን ምሎልኛል፤ ሦስት ሳምንት ሆነው።

ዝም ያሉት በመንቀጥቀጡ ይሁን በእኔ ጥያቄ አላውቅም። ሌላው ይቆየን። ደህና መሆንዎን ብቻ አንድ መስመር ይጻፉልኝ። ካስፈለገ ሰመራ መጥተው እኛ ጋር ይቀመጡ፤ አልጋ አለ።

ኤፍራታ

*

አዋሽ፣ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለኤፍራታ

ሰላምታዬን ላሳጥር፤ ካላሳጠርኩ አልጀምረውም። ቤቴ አልፈረሰም፤ የጓሮው ግድግዳ ብቻ ተሰንጥቋል። ፋኢዛ ግቢ ውስጥ ሸራ ወጥራ እኔንም ከልጆቿ ጋር አስገብታኛለች። ደብዳቤዎችሽ ሁሉ ደርሰውኛል። የዘገየሁት በመንቀጥቀጡ አይደለም። «አልጋ አለ» ያልሽኝን ሳነብ ግን ከዚህ በላይ መዘግየት አቃተኝ።

በፎቶው ላይ ያለው አባትሽ ነው።

ሁለታችንም አዋሽ ጣቢያ እንሠራ ነበር፤ እሱ ትኬት ቆራጭ፣ እኔ ጭነት ክፍል። ባቡር ሊገባ ሲል ጮኾ የሚናገረው እሱ ነው፤ ድምፁ ያለ ማጉያ እስከ ገበያው ይሰማ ነበር። በ1969 ሚሊሺያ ሲመለመል አብረን ገባን። ሐምሌ 22 ቀን የተማረክነውም አብረን ነው። አጠገቤ የፈነዳው መድፍ ቀኝ ጆሮዬን ያን ቀን ወሰደው፤ ግራው ከተመለስኩ በኋላ ቀስ በቀስ ነው የደከመው። አባትሽ አንድም ነገር አልነካውም።

በ1972 ክረምት ካምፑ ውስጥ ወባ ገባ። በኛ ክፍል ከሠላሳ በላይ ሰው ወደቀ፣ አንዱ እኔ ነበርኩ። በአሥር ቀን ውስጥ ሰባት ሰው ተቀበረ። የካምፑ አዛዥ መጣና «አማርኛ አጥርቶ የሚያነብ ሰው አምጡ፤ ሬዲዮ ላይ ያንብብልኝ፣ ኪኒን እሰጣችኋለሁ» አለ። ማንም አልተነሳም። አባትሽ ተነሳ። ሁለት ቀን እየወሰዱ አስነበቡት። ጽሑፉ የነሱ ነው፤ መንግሥታችንን የሚሳደብ፣ ወታደሩን እጅህን ስጥ የሚል። ኪኒኑ መጣ። የቀረነው ሁሉ ተነሳን።

ከተነሳን በኋላ ከመካከላችን አለቆች የነበሩት መከሩና «ከዚህ ሰው ጋር የሚበላና የሚነጋገር እንደሱ ይቆጠራል» አሉ። አገሩን ሸጧል ተባለ። ሰው ሁሉ ከአጠገቡ ተነሳ፤ እኔም ተነሳሁ። አንድ ቀን ጠጋ ብሎ «ይልቃል፣ አንተ እኮ ታውቃለህ» አለኝ። አዎ፣ አውቅ ነበር። ኪኒኑን በእጁ አፌ ውስጥ የከተተልኝ እሱ ነው። ግን ዝም አልኩት። እንደሱ እንዳልቆጠር ፈርቼ አራት ዓመት ዝም አልኩት። ያ ፎቶ ሲነሳ ሐኪሙ «ተጠጋ» እያለ በእጁ ምልክት ያሳየው ነበር፤ አባትሽ ራሱ ነው እምቢ ያለው።

ሰኔ 16 ቀን 1976 እኩለ ቀን ላይ ውሃ የመቅዳት ተራው የኔ ነበር። አባትሽ ሳንባው ከታመመ ወራት አልፈውታል፤ ከግንቡ ሥር ተኝቶ ነበር። ጀሪካን ተሸክሜ በአጠገቡ ሳልፍ ስሜን ጠራ። «ይልቃል፣ ትንሽ» አለኝ። ግራ ጆሮዬ ያኔ ደህና ነበር፤ በደንብ ሰምቼዋለሁ። እነዚያ አለቆቻችን በር ላይ ቆመው ያዩኛል። አለፍኩ። ውሃውን በርሜል ውስጥ ገልብጬ ስመለስ ሞቶ ነበር። ዓይኑን የከደንኩት እኔ ነኝ። በ1980 ጣቢያው ላይ ለእናትሽ ከነገርኳት ሁሉ እውነቱ ይህ ብቻ ነው።

ድሬዳዋ ስንወርድ የመንግሥት ሰዎች «ሬዲዮ ላይ የተናገሩት እነማን ናቸው?» እያሉ አንድ በአንድ ጠይቀውናል። የሱን ስም ብጠራ እናንተ ምን እንደምትሆኑ አሰብኩ። እነሱን ዋሸሁ፤ ባቡሩ አዋሽ ሲደርስ እናትሽንም ዋሸኋት። ለእናንተ ብዬ ነው እያልኩ ኖሬያለሁ። ግማሹ እውነት ነው። ግማሹ ግን «ታዲያ አንተ የት ነበርክ?» እንዳትለኝ ነው።

ሙዚየሙ ከተከፈተ ጀምሮ ሦስት ጊዜ እስከ በሩ ሄጃለሁ። አልገባሁም።

አሁን የፈለግሽውን አድርጊ። ለእናትሽ ግን፣ በእግዚአብሔር ስም እለምንሻለሁ፣ ውሃውን አትንገሪያት።

ይልቃል

*

ሰመራ፣ የካቲት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሽ ይልቃል

ደብዳቤዎን ቢሮዬ ውስጥ በሩን ቆልፌ አነበብኩት። ስለ እርስዎ የማስበውን ዛሬ አልጽፍም። ሁለት ጊዜ ጽፌ ቀድጃለሁ።

ለእማዬ ላለመናገር ወስኜ ነበር። ሳምንት ቻልኩ። በስምንተኛው ቀን ልብስ እያጠፍኩ ሳለ ከበረንዳው ጠራችኝ።

«ይልቃል ምን ብሎ ጻፈልሽ?»

«ስለ መሬት መንቀጥቀጡ ነው።»

«ስለ አባትሽ ነው» አለችኝ። «እህል መብላት ያቆምሽው ደብዳቤው ከመጣ ወዲህ ነው።»

ወደ መንገዱ እያየች ቀጠለች። የነገረችኝን እንዳለ እጽፍልዎታለሁ።

በ1972 ነሐሴ ላይ ጣቢያው አጠገብ ኸሊዳ የሚባሉ ጎረቤት ነበሩን። እርስዎም ያስታውሷቸው ይሆናል፤ ባለቤታቸው የባቡር ፍሬን ጠባቂ ነበር። ሬዲዮ ነበራቸው፤ ድምፁን ዝቅ አድርገው የውጭ ጣቢያ ያዳምጣሉ። እማዬ ጨው ልትበደር ስትገባ አንድ ሰው ይናገር ነበር። «ባቡር መጣ ብሎ እንደሚጣራው ነው የተናገረው። ስሙን ከነአባቱ ጠራ። አንዷለም ኃይለ ልዑል ነኝ አለ። ከዚያ በኋላ የተናገረው የሱ ቃል አልነበረም፤ ድምፁ ግን የሱ ነው» አለችኝ። ኸሊዳ ሬዲዮውን ዘጉትና እጇን ይዘው «ወላሂ እኔም አልሰማሁም፣ አንቺም አልሰማሽም» አሏት። እስኪሞቱ ድረስ ለአንድ ሰው አልተነፈሱም።

«ታዲያ ጋሽ ይልቃል በ1969 ሞተ ሲልሽ ለምን ዝም አልሽው?» አልኳት።

«ውሸቱን ሲነግረኝ ሞቱ እውነት መሆኑን አየሁበት። ሰው በሕይወት ላለ ወንድሙ እንደዚያ አያለቅስም። አንቺ ደግሞ ተማሪ ነበርሽ። የሬዲዮው ሰው ልጅ እንዲሉሽ አልፈለግኩም። መንግሥት ሲለወጥ እነግራታለሁ አልኩ። ሲለወጥም አልነገርኩሽም።»

ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ ሐሰት መሆኑን እያወቀች በዚያ ቀን ዝክር ስታወጣ ኖራለች። ይህን ስታወራኝ አላለቀሰችም። እኔ ነኝ ያለቀስኩት።

ከዚያ ሁለት ነገር ጠየቀችኝ። አንደኛው፣ የሞተበት ቀን መቼ ነው? ነገርኳት። ሁለተኛው፣ ሲሞት አጠገቡ ሰው ነበር ወይ? ይህን አልመለስኩላትም። አታውቂም ወይ አለችኝ፤ ጋሽ ይልቃል ነው የሚያውቀው አልኳት። አትንገሪያት ስላሉኝ አይደለም የተውኩት። ይህን መናገር ያለብዎት እርስዎ ስለሆኑ ነው፤ ፊት ለፊት፣ በአንደበትዎ።

የአባቴ ስም ደግሞ እዚያ ፎቶ ሥር መጻፍ አለበት። አቶ አብራርን ጠይቄአቸው ነበር፤ ምስክር ያለው ስም በማኅበሩ ስብሰባ ይታያል አሉኝ። ከእርስዎ በቀር ምስክር የለኝም።

ኤፍራታ

*

አዋሽ፣ መጋቢት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለኤፍራታ

ጾሙን በሰላም ያስፈጽማችሁ። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሰባት ሳምንት ሊሆነው ነው። የሻረግ ድምፁን ሰምታ እንደነበር ካነበብኩ በኋላ ብዙ ቀን ከሸራው አልወጣሁም። ፋኢዛ ታሟል ብላ ነርስ ጠርታ ነበር። ጣቢያው ላይ ፊቷን እያየሁ ስዋሻት፣ እሷ እውነቱን ይዛ ቆማ ነበር ማለት ነው።

ባለፈው እሑድ ማኅበሩ ሲሰበሰብ ሄድኩ። በዚህኛው ጊዜ በሩ ላይ አልቆምኩም፤ ብቆም እንደምመለስ ስለማውቅ እየተራመድኩ ገባሁ። አሥራ አራት ሽማግሌዎች ነበሩ። ግማሾቹን አላወቅኳቸውም፤ እነሱ ግን ሁሉም አወቁኝ። «እኔ አልሰማም፤ ልትመልሱልኝ የምትፈልጉትን ወረቀት ላይ ጻፉልኝ» አልኳቸውና ተነስቼ ተናገርኩ። ለአንቺ የጻፍኩልሽን ሁሉ ነገርኳቸው። ውሃውንም ነገርኳቸው።

ስጨርስ ብዙ አፍ ሲንቀሳቀስ አየሁ። አንዱ ጠረጴዛ መታ። አንዱ ከዘራውን አንስቶ ወጣ። ከዚያ ወረቀት መጣልኝ፤ «ከጠላት ጋር የተናገረ ሰው ስም ከሰማዕታት ጋር አይጻፍም» ይላል። «ከሰማዕታት ጋር አይሁን፤ ከኛ ጋር ይሁን» አልኳቸው። «ፎቶው ላይ አብሮን ተቀምጧል። የሱ ስም ካልገባ የኔንም አጥፉት። በሱ ኪኒን የዳንኩ ሰው ነኝ፤ እሱ ካልተቆጠረ እኔም አልቆጠርም።»

አብራር እስከዚያ ድረስ ቀና አላለም ነበር። ወረቀቱን ተቀበለና ጻፈበት። ለኔ ብቻ ሳይሆን ለሁሉም አዞረው። «ኪኒኑን እኔም ውጫለሁ» ይላል።

እጅ ሲወጣ ዘጠኝ ሰው ደገፈ፣ አራት ተቃወመ። በሞቱት ግድግዳ ላይ እንዳይጻፍ፣ በፎቶው ሥር ግን እንዲጻፍ ተወሰነ። አንቺ የጠየቅሽው ሆነ፤ ግድግዳው ግን አልሆነልኝም። አብራር በዚያው ቀን በራሱ እጅ ጻፈው።

የሻረግን ማምጣት ብትችዪ በግንቦት መጀመሪያ አምጫት። ፎቶው ፊት ሆኜ የጠየቀችውን እመልስላታለሁ። እኔ ወደ ሰመራ ልምጣ ብዬ ነበር፤ ግን እቤታችሁ ተቀምጬ፣ ምሳ ቀርቦልኝ የምናገረው ነገር አይደለም።

ይልቃል

*

ሰመራ፣ ግንቦት 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሽ ይልቃል

እንደምን ሰንብተዋል? እኛ በሙቀቱ ተቃጥለናል እንጂ ደህና ነን። ከአዋሽ አርባ ከተለያየን ሁለት ሳምንት አለፈ። ጆሮዎ ያልሰማውን ልጽፍልዎ ቃል ገብቼ ነበር፤ እማዬም እንድጽፍ ፈቅዳለች።

ፎቶው ፊት ስትደርስ መጀመሪያ የተናገረችው ለእኔ ነበር። «ከስቷል» አለች። ከዚያ ስሙን አነበበች፤ መሠረተ ትምህርት ላይ እንደተማረችው፣ ፊደል በፊደል። እኔ ጥያቄዋን ወረቀት ላይ ጽፌ ስሰጥዎት መነጽርዎን ሁለት ጊዜ አውልቀው እንደጠረጉ አይቻለሁ።

«ማንም አልነበረም። እኔ ውሃ ይዤ በአጠገቡ ሳልፍ ጠራኝ፤ አልሰጠሁትም» ብለው የተናገሩት ጮክ ብሎ ነበር። ራስዎን ስለማይሰሙ ምን ያህል እንደጮኹ አላወቁ ይሆናል። አቶ አብራር ከበሩ ሆነው ሰምተዋል፤ ጎብኚዎችም ቆመው ነበር። እማዬ ወደ እርስዎ አልዞረችም። እርስዎ የምትመልሰው ያለ መስሎዎት ከንፈሯን ሲጠብቁ ነበር። የተናገረችው እርስዎ ከወጡ በኋላ ነው።

«ውሃ ይዞ ነበር?» አለችኝ።

«አዎ።»

«ሞልቶ?»

«አላውቅም፣ እማዬ።»

አቶ አብራር ወንበር አምጥተው አስቀመጧት። «እናቴ፣ ሁላችንም አልፈናል። እሱ ብቻ ነው መጥቶ የተናገረው» አሏት። «እናንተ ባዳ ናችሁ» ብላ መለሰችላቸው። ይህን ልደብቅዎ አስቤ ነበር፤ ከመደባበቅ ግን ምን እንደተረፈን እርስዎም ያውቃሉ።

ወደ ሰመራ ከተመለስን በኋላ ሦስት ቀን ስምዎን አላነሳችም፣ እኔም አላነሳሁም። የእኔን ስሜት ከጠየቁኝ፣ አንዳንድ ቀን ጠዋት ስነሳ እጅግ አዝንብዎታለሁ፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ በዚያ አዳራሽ እየጮኹ የቆሙት ይታየኝና ልቤ ይራራል። ሁለቱም እውነት ነው። ይቅር ብዬዎታለሁ ብዬ ብጽፍ እዋሽዎታለሁ፤ እርስዎን መጠየቅ እንደማልተው ግን አውቃለሁ።

በአራተኛው ቀን እማዬ ካህኑን አስጠርታ ቀኑን አስለወጠች። ሐምሌ ኡራኤል ቀርቶ ሰኔ 16 ሆነ። ካህኑ «ለምን?» አላሏትም፤ የክርስትና ስሙን ጽፈው ሄዱ። የመጀመሪያውን ጸሎት የሚያደርሱት ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው።

ትናንት «ጋሽ ይልቃልን ልጥራው?» ብዬ ጠየቅኳት። ልነሳ ስል እጄን ያዘችኝ።

«ይምጣ አላልኩም» አለችኝ። «አይምጣም አላልኩም። ቀኑን እሱ ያውቀዋል። ሰዓቱን ጻፊለት።»

ጸሎቱ የሚጀመረው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ነው።

ኤፍራታ አንዷለም